ስለ ዓይኔ ለምኜ ያገኘሁት መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስእለቴ በመስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ ወጥቼ ጧፍ ማብራት፣ የተደረገልኝንም ሳልደብቅ መናገር ነበር። የመጀመሪያውን እመቤቴ አስፈጽማኛለች፤ ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ነው።

የምኖረው ደሴ ነው፤ እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሕመሙ ሲጀምረኝ ከማየው ነገር መካከል አንዲት ትንሽ ቦታ ትጠፋብኛለች፤ የስፌት መኪናው መርፌ ይታየኛል፣ የገባበት ክር ግን የለም። ቀጥሎ ከዚያች ቦታ ዳር የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ይነሣና፣ በጨርቅ ጠርዝ ላይ እንደምንመታው ዚግዛግ እየተሰባበረና በግማሽ ክብ እየጎበጠ፣ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ይሰፋል። ዓይኔን ብጨፍንም አይለቀኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንዳመጣጡ ይሄዳል። ራሴን ስለማያመኝ ማይግሬን ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም፤ ማይግሬን ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ራስ የሚፈልጠውን ነውና።

አባቴ ዓይናቸው በግላኮማ ጠፍቶ ነው ያረፉት። ስለዚህ ብርሃኑ በመጣ ቁጥር የሚታየኝ የእርሳቸው በትር ነበር፤ ዓይኔ ከሄደ ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ እያልሁ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣለሁ። ከጎረቤቶቼ አንዷ የሰው ዓይን ነው አሉኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ብርሃን ከሆነ የበረከት ምልክት ነው፣ ደስ ይበልሽ አሉኝ። ሁለቱም በፍቅር የተናገሩት ነው፤ እኔ ግን ያልተገለጠልኝን ራእይ ነው ለማለት ፈራሁ። ጸበል ተጠመቅሁ። ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በደሴ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ብታነሣልኝ ደስታዬ ነው፤ ባታነሣውም ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ላክልኝ» ብዬ አለቀስሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የማላውቃት ሴት ቀሚስ ልታስለካ ወደ ሱቄ ገባች። ሜትሩን ወገቧ ላይ እንደያዝሁ ብርሃኑ መጣና ቁጥሩን ማንበብ አቃተኝ። «ምን ሆንሽ እኅቴ?» ብላ አስቀመጠችኝ፤ ስነግራትም መዳፏን በተራ በአንዱና በሌላው ዓይኔ ላይ አድርጋ በየትኛው እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ። በሁለቱም ያው ነበር። ለካስ የዓይን ክሊኒክ ነርስ ኖራለች! ነገሩ በሁለቱም ከታየ መነሻው ከዓይን ሳይሆን ከአንጎል ሊሆን እንደሚችል አስረድታ፣ ከምታውቀው ሐኪም ዘንድ ራሷ ወሰደችኝ። በዚያች ሰዓት በዚያች በር ያስገባት ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሐኪሙ የዓይኔን ውስጥ በመሣሪያ አይቶ ጤነኛ መሆኑን ከነገረኝ በኋላ፣ ይህ ኦራ የሚባል የማይግሬን ምልክት እንደሆነ፣ ራስ ምታት ተከትሎትም ሳይከተለውም ሊመጣ እንደሚችል ገለጸልኝ። በጭንቅላታችን በስተ ኋላ፣ ማየትን በሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ላይ፣ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ የነርቭ እንቅስቃሴ ማዕበል ይነሣል፤ ብርሃኑ እየሰፋ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። የአባቴ በሽታ እንዳልሆነ ስሰማ እዚያው ወንበሩ ላይ አነባሁ።

ከዚያም ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀኝ። በየቀኑ የምውጠውን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለበት እንክብል እንዲህ ያለ ኦራ ላለባት ሴት የስትሮክን አደጋ እንደሚጨምር፣ ስለዚህም መውሰድ እንደማይገባኝ ነግሮኝ በሌላ ዘዴ ለወጠልኝ። እኔ የለመንሁት ስለ ዓይኔ ብቻ ነበር፤ ስለ እንክብሉ ማንም አልነገረኝም፣ ልለምንበትም አላወቅሁም። እግዚአብሔር ግን ከለመንሁት አልፎ፣ የማላውቀውን ጠበቀኝ። በሐኪም የተገኘ ነገር የጸሎት መልስ አይባልም የሚሉኝ አሉ፤ ሐኪሙንም ነርሷንም የላካቸው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከዚህም አልመለስም።

ብርሃኑ ፈጽሞ አልተወኝም፤ ይህን መደበቅ ምስክርነቴን ሐሰት ያደርገዋል። ምግብ ሳይቀምሱ መዋል፣ የውኃ ጥም እና የእንቅልፍ ማጣት እንደሚቀሰቅሱት ከተረዳሁ ወዲህ ግን አመጣጡ እጅግ ቀንሷል። በጾም ወራት ከጥሉላት እየተከለከልሁ ቁርሴን በጊዜ እንድበላ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። ሲመጣም መቀሱን አስቀምጬ፣ ውኃ ጠጥቼ፣ «አቡነ ዘበሰማያት» እያልሁ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ነገር ግን ዓይን ላይ የሚታይ ሁሉ ይህ አይደለም፤ በድንገት የሚጨልምበት፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታየው፣ እጅና እግሩ የሚዝልበት፣ ንግግሩ የሚተሳሰርበት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይበት ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ገና የጀመረው ሰው ሳይዘገይ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ማይግሬን በዘር ሊወርድ እንደሚችል ሰምቼ ስለነበር ኮምቦልቻ ያለችውን ታናሽ እኅቴን ጠየቅኋት። እርሷ ብርሃኑን አይታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሷን ክፉኛ ያማታል፣ ያስመልሳታልም፤ ለዓመታት ጨጓራ ነው እያለች ኖራለች። የምትወስደውም እንክብል ያው የእኔው ዓይነት ነበር። አብረን ሐኪም ዘንድ ሄደን እንክብሉ ቀርቶ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ገብቶላታል፤ በመጪው መስከረም ግሸን የምንወጣው ሁለታችን ነን።