ጥቅምት ሲገባ እጃችሁን ከቲማቲሙ ላይ አንሱ

ከሚኒሶታ ወይም ከስዊድን ተመልሶ ባሕር ዳር ጓሮ የያዘ ሰው፣ ጥቅምት ሲጠባ እጁ መንቀል ያምረዋል። የጎረቤት እናት በአጥር በኩል «ምነው ልጄ፣ ፍሬ የያዘውን?» ማለታቸው አይቀርም።

እዚያ መንቀሉ ልክ ነበር። አመዳይ በወረደ ማግስት ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ስለዚህ አረንጓዴውን ቲማቲም ቀድሞ ለቅሞ፣ ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ማብሰል ነው። የሚተርፈው ጎመን ነው፤ እንዲያውም ብርድ ያጣፍጠዋል።

ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ቢባልም ጓሮውን የሚዘጋው ብርድ ሳይሆን የዝናብ መቋረጥ ነው። ዋልካ አፈር ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ ከሥር ያለው እርጥበት ሳያልቅ መደቡን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል በደረቅ ሣር አልብሱት፤ ግንዱን ግን አያስነኩ፣ ይበሰብሳል። እንቦጭ ለዚህ ይሆናል የሚሉ አሉ። ሳያብብ ተነቅሎ፣ ከሐይቁ ርቆ፣ ሥሩ እስኪሰባበር ከደረቀ ይሁን። ያበበው ግን ዘሩ ለዓመታት አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ይቅር።

መነቀል ያለበት ዋግ የመታው ቲማቲም ነው፦ ቅጠሉ ቡናማ ጠቃጠቆ፣ ጠዋት ላይ ከቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ። የክረምቱ ድንችም ከመሬት ይውጣ፤ በሽታው ተረስቶ በቀረ ድንች ውስጥ ይከርማልና። ግንዱን አጭዳችሁ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፤ በአውራ ጣት ስትገፉት ልጣጩ ከተላጠ ገና ነው።

ዘር የሚያዘው ከጤነኛና በደንብ ከቀላ ቲማቲም ነው፤ ከድቅል ዝርያ ከሆነ ግን ልፋት ነው፣ ልጁ እናቱን አይመስልም። ፍሬውን ብርጭቆ ውስጥ ጨምቃችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ተዉት። ይሸታል፣ ከላይ ይሻግታል፤ አትደንግጡ፣ ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ የሚለቀው እንዲያ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ እዚያው ይበቅላል። የሚንሳፈፈውን ደፍታችሁ የዘቀጠውን እጠቡና ሳህን ላይ በጥላ አድርቁ። ወረቀት ላይ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል።

ለበጋው የሚሆን ችግኝ ከተፈላ አምስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ይዛወራል። አታዘግዩት፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቲማቲም አበባ ይረግፋል። ውሃውንም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።