ለካ ውሃው ነበር የተሸከመኝ

ስምንት ዓመት ዋኝቻለሁ። የምዋኝበት ገንዳ ለእድሳት ሲዘጋ፣ «ሳንባ እንደሆነ አለኝ፣ ሩጫ ምን ያቅተኛል?» ብዬ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል ተነሳሁ። (ሐይቁ ውስጥ ለምን አትዋኝም ለምትሉኝ፦ ጉማሬም ቢልሃርዚያም አለ፤ ይቅርብኝ።)

ሳንባዬ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ቅልጥሜ ነው። ገንዳ ውስጥ አብዛኛውን ክብደቴን ውሃው ይሸከምልኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የክብደቴን ሁለት ሦስት እጥፍ ሆኖ እግሬ ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ቀን ደረጃ የምወርደው በጎኔ ሆነ።

ሌላው ጉድ አተነፋፈሴ ነው። ስዋኝ ሦስት ጊዜ ቀዝፌ አንድ ጊዜ ነው አየር የምስበው። ልማዱ ተከትሎኝ መጣና ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ስሮጥ ተገኘሁ። መንጠቆ ጥለው የተቀመጡ አንድ አባት አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ። አጠገባቸው የቆመው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ እንኳ የታዘበኝ መሰለኝ።

አሁን አንድ ደቂቃ እሮጣለሁ፣ ሁለት ደቂቃ እራመዳለሁ፤ ስምንት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። እያወራሁ መሮጥ ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ብቻዬን አወራለሁ፤ ባለ ባጃጆቹ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። ታቦር ተራራን እየሮጡ ለሚወጡት ልጆች ግን ባርኔጣዬን ሳይሆን ጫማዬን ነው የማወልቀው።

ገንዳው ትናንት ተከፈተ። ማክሰኞና ዓርብ ለባቴ ስል እገባለሁ።