65 በመቶ ልክ ሲመጣ ዕቃው ለምን ይወድቃል?

ለአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ዕቃ የሚያቀርብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «የት ተሠራ?» ከሚለው ነው። እኔ የጨረታ ሰነድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው የፌደራል ግዥ ደንቡን የአንቀጽ ቁጥር ነው። 52.225-1 ካለበት የሚሠራው ለአሜሪካ ዕቃ ቅድሚያ የሚሰጠው የ1933ቱ ባይ አሜሪካን አክት ነው። 52.225-5 ካለበት በዝርዝር የተቀመጡ አገሮችን ዕቃም የሚቀበለው የ1979ኙ ትሬድ አግሪመንትስ አክት ነው። የሁለቱ ሚዛን ለየቅል ነው።

በባይ አሜሪካን ሕግ ዕቃው አሜሪካ ውስጥ መመረት አለበት፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ከ2024 እስከ 2028 ለሚረከብ ዕቃ፣ አሜሪካ የተመረቱት ክፍሎች ወጪ ከጠቅላላው የክፍሎች ወጪ ከ65 በመቶ መብለጥ አለበት። ከ2029 ጀምሮ 75 ይሆናል። የሚታየው የርክክቡ ዓመት ስለሆነ፣ በ2027 የተፈረመ የብዙ ዓመት ውል መሃል መንገድ ላይ ሊያስቸግር ይችላል።

አንድ በትእዛዝ የሚሠራ የአደጋ ጊዜ መብራት እንውሰድ። ቀፎው 40 ዶላር፣ ባትሪው 90፤ ሁለቱም አሜሪካ የተመረቱ ናቸው። ገመዱ 20፣ ሰርኪት ቦርዱ 46፤ እነዚህ ከውጭ ይመጣሉ። 130 ለ196 ሲካፈል 66.3 በመቶ ይሆናል፤ ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን በተገዛ ክፍል ላይ እስከ ፋብሪካው ያለው ማጓጓዣና ቀረጥ ይደመራል። ለቦርዱ 4 ዶላር ሲጨመር 130 ለ200፣ ልክ 65 ይመጣል። ደንቡ «መብለጥ» ስለሚል ዕቃው ወደቀ። የመገጣጠሚያውን የሠራተኛ ደሞዝ አሜሪካ በኩል ደምሮ ማዳን አይቻልም፤ የሚቆጠረው የክፍሎቹ ወጪ ነው። በአንጻሩ የባትሪው ሴሎች ከውጭ ቢመጡም ባትሪው ራሱ አሜሪካ እስከተመረተ ድረስ 90ውም ይቆጠራል። ግር ይላል፣ ግን ደንቡ ከዚያ ወደ ታች አይወርድም።

በገበያ እንዳለ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ፣ ብረት በብረት ካልሆነ በቀር፣ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል፤ አሜሪካ መመረቱ ይበቃል።

ትሬድ አግሪመንትስ ላይ ፐርሰንት የለም። ጥያቄው ዕቃው መሠረታዊ ለውጥ አግኝቶ አዲስ ምርት የሆነው የት ነው የሚል ነው። ሕጉ የሚሠራው ከተወሰነ የግዥ መጠን ጀምሮ ነው፤ በ2024 እና 2025 የዕቃ ግዥ መነሻው 174,000 ዶላር ነበር፤ ሲሰላ የማራዘሚያ ዓመታቱም ይገባሉ። አገሩ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ካለ ዕቃው ያልፋል፦ ጀርመን የተሠራ ያልፋል፣ ቻይናና ሕንድ የተሠራ አያልፍም። ኢትዮጵያ በአነስተኛ ልማት አገሮች ምድብ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ልብስ ለመከላከያ ለማቅረብ ላሰበ ግን ደስታው አጭር ነው፤ እዚያ ከክሩ ጀምሮ አሜሪካዊ የሚል ቤሪ አሜንድመንት የሚባል ሕግ አለ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ለአነስተኛ ድርጅቶች የተከለለ ጨረታ ነው። ግዥው ከመነሻው ቢያልፍም ትሬድ አግሪመንትስ እዚያ አይሠራም፤ የሚሠራው ባይ አሜሪካን ነው። ትናንት ያለፈው የጀርመን መብራት ዛሬ የውጭ ዕቃ ይሆናል፤ ከአሜሪካዊ አነስተኛ ድርጅት ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ላይ 30 በመቶ ይደመርበታል። ጭማሪው ለማወዳደሪያ ብቻ ነው፤ ካሸነፈ የሚከፈለው ያቀረበው ዋጋ ነው።

ዕቃው የት እንደተመረተ የሚያረጋግጠውን ሰርተፊኬት ከመፈረሜ በፊት ከአቅራቢው የክፍሉን ቁጥር፣ የፋብሪካውን ቦታና ቀኑን የያዘ ደብዳቤ እቀበላለሁ። «ከአሜሪካ አከፋፋይ ተገዛ» የሚል ደረሰኝ የምርት አገርን አያሳይም፤ እያወቁ የተሳሳተ ሰርተፊኬት መፈረም ደግሞ መንግሥትን በሐሰት ማስከፈልን በሚቀጣው ፎልስ ክሌምስ አክት የጉዳቱን ሦስት እጥፍና ቅጣት ያስከፍላል።