ባቡር ያልደፈረው ዳገት

የአጎቴ ሞተር ሳይክል፣ ያማሃ ዲቲ 125፣ ነክሳ (ፒስተኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) የቆመችው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርድ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ መውረድ ሞተሩን እያስሮጡ ዘይት መከልከል ይሆናል። ጎማው ሞተሩን ይገፋል፣ ፒስተኑ ይሮጣል፣ ካርቡራቶሩ ግን ተዘግቷል። ባለ አራት ምት የለመደ ሰው ማርሽ ይዞ መውረድን ጥንቃቄ ብሎ ነው የተማረው፤ የነዳትም የአክስቴ ልጅ የተማረውን አደረገ። ማንም አልነገረውም። አሮጌ ሞተር ለወጣት ስናወርስ ቁልፉን ብቻ ሰጥተን ይህን አለመንገራችን ያሳዝነኛል።

በፒክአፕ ጭነናት ከሐረር የወጣነው በማለዳ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጣ የጤና ሠራተኛ ነው። ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ በዚህች ዲቲ ያልደረሰበት የጉርሱምና የጃርሶ ቀበሌ ጥቂት ነው። ሲሊንደሯን ግን ከድሬዳዋ ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ ቤት) ውጭ ለማንም አያስነካም። አወዳይን በጫት ጫኞች መሀል እየተሽሎከለክን አለፍናት። ሐረማያ ስንደርስ ለዓመታት ደርቆ የኖረው ሐይቅ ውሃ ይዞ አየነው፤ አጎቴ ሾፌሩን አስቁሞ ወርዶ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ደንገጎ። ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነስቶ መንገዱ እየተጠማዘዘ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ይወርዳል። በየመታጠፊያው ሙቀቱ አንድ ልብስ ያስወልቃል።

ድሬዳዋን የወለዳት ይኸው ገደል ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲደርስ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ሲገኝ በ1895 ዓ.ም. እግሩ ሥር ቆመ። አዲሲቱ ከተማም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጅቡቲ እስከዚያ ያለው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ እዚሁ ድሬዳዋ ተተከለ። ቶርኖ፣ ማቅለጫ፣ መቀጥቀጫ ሁሉ የነበረው ቤት ነው፤ የጎደለውን ዕቃ ራሱ ይሠራ ነበር። እኔ እንደማምነው የከተማዋ የብረት ሙያ ሥሩ እዚያ ነው። ከዚራ ውስጥ ከዛፎቹ ጥላ ሥር የገባንበት ቶርኖ ቤት ባለቤትም ሙያውን የተማሩት ከባቡር ሠራተኛ አባታቸው ነው።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀበሉን። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈተን ሲሊንደሩን ስናወጣ ፒስተኑ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ተላልጦ፣ የላይኛው ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ቦይው ውስጥ ተጣብቆ አገኘነው። እኔ ፒስተን ገዝቼ ልምጣ ብዬ ተነሳሁ።

«አቦ፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «ሲሊንደሩ ሳይለካ ፒስተን አይገዛም።»

ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ለኩት። ዲቲ 125 ከፋብሪካ ስትወጣ የሲሊንደሯ ስፋት 56 ሚሊሜትር፣ የፒስተኗ ጉዞ 50 ሚሊሜትር ነው። በአሮጌው ፒስተን ራስ ላይ 25 የሚል ቁጥር ተመትቷል፤ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በ0.25 ሚሊሜትር ሰፍቷል ማለት ነው። አሁን የጭስ መውጫው ዙሪያ በጣም ስለተበላ ቀጣዩ ደረጃ 0.50 ሆነ። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ 0.50ም 1.00ም ነበር። ባለ ሱቁ ትልቁን ውሰድ፣ ጉልበት ይጨምራል አለኝ። በስልኬ ሳሰላው 56.50 ሲሊንደሩን ከ123 ወደ 125 ሲሲ ገደማ ነው የሚያደርሰው፤ ጉልበት የሚባል ነገር የለውም። 1.00 መውሰድ ደግሞ ወደፊት ሊጠገን የሚችለውን ብረት ዛሬ ቆርጦ መጣል ነው። 0.50ውን ከነፋሻው፣ ከነስፒኖቶው (ፒስተኑን የሚያሳስረው አጭር ዘንግ) እና ከነማቆሚያ ቀለበቶቹ ገዛሁ።

ሽማግሌው ፒስተኑን ከቀሚሱ (ከጎኑ ግድግዳ) በታች በኩል፣ ከስፒኖቶው ጋር መስቀለኛ በሆነ አቅጣጫ ለክተው ሲሊንደሩን በእሱ ልክ አሰፉት። የሚተዉት ክፍተት ከ4 እስከ 5 መቶኛ ሚሊሜትር ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሲሊንደሩ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ይነክሳል፣ ከሰፋ ፒስተኑ ይንኳኳል። ከዚያ ያደረጉት ነገር ልቤን ነካው። ከቶርኖው የወጣው ሲሊንደር የመስኮቶቹ (ነዳጅና ጭስ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች) ጠርዝ ስለት ሆኖ ነበር፤ በትንሽ ክብ ሞረድ እያንዳንዱን ጠርዝ በእጃቸው አለዘቡት። ያ ጠርዝ ካልለዘበ አዲሱን ፋሻ ይፍቀዋል፣ ሲብስም ይሰብረዋል። ብዙ ቦታ የሚዘለል ሥራ ነው፤ ደንበኛም አይቶ አይጠይቅበትም።

እኩለ ቀን ላይ ድሬዳዋ ትዘጋለች። ሱቁም ቶርኖ ቤቱም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በርጫና እንቅልፍ ነው። እኛ ፉል በልተን ወደ መጋላ ስንሻገር የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነበር። ይህ አሸዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት በጎርፍ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አጎቴ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሳለ ጥያቄ አላቀረብኩለትም።

ወደ ማታ ገጠማው ተጀመረ። በመጀመሪያ የሞተሩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ተዘጋ፤ የስፒኖቶ ማቆሚያ ቀለበት አምልጦ ታች ከወደቀ ሞተሩን በሙሉ መፍታት ይመጣል። ሽማግሌው ቢየላውን (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ወደ ላይ ወደ ታች ሞክረው ከታች እንዳልላላ አረጋገጡ፤ የላይኛዋን የመርፌ ኩሽኔታ በአዲስ ቀየሩ። ፋሻዎቹን ወደ ፒስተኑ ከማስገባታቸው በፊት አንድ በአንድ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ከተው፣ በፒስተኑ ራስ ቀጥ እስኪሉ ገፍተው የአፋቸውን ክፍተት ለኩ። ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር መሀል ነበር።

ባለ ሁለት ምት ፒስተን በፋሻ ቦዩ ውስጥ ትንሽ ፒን አለው። ፋሻው ቢዞር አፉ መስኮት ውስጥ ገብቶ ስለሚሰበር ፒኑ ይይዘዋል። የሁለቱም ፋሻ አፍ በፒኑ ግራና ቀኝ በትክክል መቀመጡን ሽማግሌው ካዩ በኋላ እኔንም አጎቴንም አስጎንብሰው አሳዩን። ፋሻው ላይ ያለው ፊደል ወደ ላይ፣ ፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው። የማቆሚያ ቀለበቶቹ አፍ ደግሞ ፒስተኑ ላይ ካለው የማውጫ ጎድጎዳ ጋር መግጠም የለበትም። ሲሊንደሩን በዘይት አርሰው ፋሻዎቹን በጣታቸው እየጨመቁ ሲያወርዱት አንዴም አልገፉትም። «በግድ የገባ ፋሻ የተሰበረ ፋሻ ነው» ይላሉ። አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ከዚያ ቴስታታው በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ተጠበቀ።

የነከሰበትን ምክንያት ሳያረጋግጡ አለቀቁንም። የቀኙንና የግራውን የኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፓራኦሊ (ማሸጊያ ጎማ) አዩ፤ ከዚያ አየር ቢስብ ነዳጁ ይሳሳና አዲሱም ፒስተን ይነክሳል። ደህና ነበር። የዘይት ፓምፗ ከተነቀለ ስለቆየ ዘይቱን በእጅ ነው የምንቀላቅለው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት፣ ማለትም 25 ለ1።

አዲስ ፒስተን ይዞ ደንገጎን መውጣት የሚመከር አይደለም። ግን ፀሐይ ሳይወጣ ተነስተን፣ አጎቴ በዲቲዋ ከፊት፣ እኔና ሾፌሩ ከኋላ፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እያቆምን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ነዳጅ መስጫውን አንድ ቦታ አልያዘውም፤ ሰጥቶ ይለቃል፣ መልሶ ይሰጣል። መንገዱ አልፎ አልፎ ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን በትንሹ ያስጮኸዋል፣ በዚያች ቅጽበት ቤንዚንና ዘይት ይገባለታል። ጭሱ ከኋላ ሰማያዊ ሆኖ ይታየን ነበር፤ ለአዲስ ፒስተን ጥሩ ምልክት ነው።

ሐረማያ ላይ ካንዴላዋን ፈትተን አየናት፤ ቡናማ ናት፣ አልነጣችም፣ አልጠቆረችምም። ሐረር ገብተን ሞተሩ ካደረ በኋላ የቴስታታውን ዳዶዎች በድጋሚ አጠበቅናቸው፤ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ገባ። ይህ ታንክ ካለቀ በኋላ ማርሚታው ተፈትቶ ጥላሸቱ ይቃጠላል፤ አጎቴ ከሰሉን ከወዲሁ አስገዝቷል።