ከኋላው ሌሎች አሉ

እንኳን አደረሳችሁ!

ለገናም፣ ለአዲሱ ዓመትም፣ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለምታከብሩትም። ሻማና አበባ ያለበት ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ እኔም እችልበታለሁ። አምና ያደረግሁት እሱን ነው። ከዚያ አንዷ ጓደኛዬ እሷ ራሷ የላከችልኝን ምስል መልሼ ላኩላትና ተነቃብኝ። ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። የምጽፈው ግን ስለ በዓሉ አይደለም። ከልጄ ጋር አደን ስለወጣንበት ቀን ነው።

አዎ፣ አደን። መርፌ ስወጋ እንኳ ፊቴን የማዞረው እኔ።

ነገሩን ያመጣው እሱ ነው። 12 ዓመቱ ነው። በአሜሪካዋ የዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ትልልቅ የዱር እንስሳትን ለማደን 12 ዓመት የሞላው ወይም በዚያው ዓመት የሚሞላው መሆን አለበት። ይህን ሕግ ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው፣ የልደቱን ቀን ይቆጥር የነበረውም ለኬክ አልነበረም። ሦስት ወር ለመነኝ። እንቢ አልኩ። በአራተኛው ወር "እሺ፣ ኮርሱን ብቻ ውሰድ" አልኩት። ተሸነፍኩ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1966 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው የአደን ደህንነት ትምህርት እንዲወስድ ይጠየቃል። አብሬው መሄድ ካማረኝ እኔም ተማሪ ልሆን ነው።

ተማሪ ሆንኩ። ከፊቴም ከኋላዬም ልጆች ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እግሩ መሬት አይነካም፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ግን እጁን ከእኔ ቀድሞ ያወጣል። አስተማሪው ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ አራት ነገር ብቻ ይደጋግማል። ጠመንጃ ሁሉ ጥይት እንዳለው ቁጠሩት። አፈሙዙን መተኮስ ወደማትፈልጉበት አታዙሩ። ለመተኮስ እስክትወስኑ ጣታችሁ ከቃታው ይራቅ። ዒላማችሁን፣ ከዒላማችሁም ኋላ ያለውን እወቁ። እሱ እየደጋገመ፣ እኛ እየደገምን። ፈተናው ላይ ልጄ አንድም አልሳተም። እኔ ስለ ብርድ የመጣውን ሳትኩ። እስከ ዛሬ ወፍራም ሹራብ ሳደርግ "አሁን ገባሽ?" ይለኛል።

ለማደን ዕጣ የወጣልን "አንቴሎፕ" ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ትክክለኛ ስሙ ግን ፕሮንግሆርን ነው። ልጄ በአማርኛ ማን እንደሚባል ጠየቀኝና አፌን ያዝኩ። እኛ ድኩላ አለን፣ ሚዳቋ አለን፣ አጋዘን፣ ሳላ፣ ቆርኬ፣ ሰስ አለን። እያንዳንዱን በስሙ እንጠራዋለን እንጂ ሁሉንም አንድ ላይ የሚጠቀልል ስም በልማድ የለንም። እኔ በበኩሌ ይህን እወደዋለሁ። ለማንኛውም "ሚዳቋ እንበለው" ተባባልን። ስህተት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ስሙ ግን ያዘ።

ለስህተት እኛ ብቻ አይደለንም። "አንቴሎፕ" የሚለውም ስህተት ነው። እንስሳው ከእውነተኞቹ አንቴሎፖች ወገን አይደለም። በዓለም ላይ ከቤተሰቡ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ በሕይወት ካሉት የቅርብ ዘመዶቹ ቀጭኔና ኦካፒ ናቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው። ልጄ አራት ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ። ቀንዱ መንታ ጫፍ አለው፤ ውስጡ አጥንት ሆኖ የላይኛው ሽፋን በየዓመቱ ይወልቅና እንደገና ይበቅላል። ዓይኖቹ ወደ ጎን የወጡ ትልልቅ ናቸውና አንገቱን ሳያዞር በዙሪያው ወደ 300 ዲግሪ ያያል። በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። አቦሸማኔ በአጭር ርቀት ይቀድመዋል፤ መንገዱ ሲረዝም ግን አቦሸማኔው ይቀራል።

"ታዲያ ምን አስሮጠው ይህን ያህል?" አልኩ። በዚያ ሜዳ ላይ ዛሬ ሊደርስበት የሚችል አውሬ የለም።

"ድሮ ነበራ። የአሜሪካ አቦሸማኔ የሚባል። ከጠፋ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንዳንድ ሳይንቲስቶች ከእሱ ለማምለጥ ነው እንዲህ የሆነው ይላሉ።" ትንሽ ዝም አለና "እማዬ፣ አሁን የሚሸሸው ከሌለ ነገር ነው" አለኝ።

መሪውን ይዤ ብዙ አሰብኩ። እኔም ከብዙ የሌለ ነገር ስሸሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይህን ግን ለልጅ አይነግሩትም። "ቀበቶህን አጥብቅ" አልኩት።

አንዳንዶቻችሁ እዚህ ስትደርሱ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ አውቃለሁ። እንዴት ልጅ ይዘሽ እንስሳ ለመግደል ትሄጃለሽ? እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ በተለይ ሌሊት። ልከራከራችሁ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህ እንስሳ በልክ የለሽ አደንና በግጦሽ መሬት መጥፋት ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አለ። እንዲያንሰራራ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ሕግ ነው። ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ፣ ዛሬ 11 በመቶ የሆነው፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። ጥይቱ ለሚገድለው ከፈለ እንደማለት ነው። ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ እኔ አልደበቅኩትም። ለራሴ የሰጠሁት መልስ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ስጋ እበላለሁ። ሌላ ሰው ቆራርጦ፣ በፌስታል አድርጎ የሚሰጠኝን እበላለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልየው አልኩ።

ሜዳው ላይ የደረስነው ሊነጋ ሲል ነው። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። መሬቱን የሸፈነው ግራጫ ቁጥቋጦ የአሪቲ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን ጨፍልቃችሁ ብታሸቱት አሪቲ አሪቲ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ነፋሱ። ነፋስ ስላችሁ፣ በር የሚነጥቅ ነፋስ። ሁለታችንም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰናል። ሌላ አዳኝ በስህተት እንዳይመታን ነው። መንገድ ዳር እንደሚሠሩ ሰዎች መስለን በሜዳው መሐል እናደባለን።

ከዚያ አየናቸው። ልጄ ነው ያየው። መጀመሪያ ነጭ ነጥቦች ብቻ ነበሩ። መቀመጫቸው ላይ ያለው ጸጉር ነጭ ነው፣ ሲደነግጡ ይነፋና ከሩቅ ያበራል። ወንዱን ከጉንጩ በታች ባለው ጥቁር ምልክት ለየው። ተንበርክኮ፣ ጠመንጃውን በመደገፊያው ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ያዘ። ወንዱ ወደ ጎን ቆሟል። ፎቶ ሊነሳ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። እኔ በመነጽር አያለሁ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

ምንም አይልም። አይተኩስም።

"አሁን!" አልኩት በሹክሹክታ። ዝም። "አሁን እኮ! በለው! ሊሄድብህ ነው!"

ጣቱን ከቃታው አወጣ። ቀጥ አደረገው። ቃታውን ቆለፈው። ድምፁን ሰማሁት፣ ቀጭ የምትል ትንሽ ድምፅ።

"ከኋላው ሌሎች አሉ፣ እማዬ።"

መነጽሬን መልሼ አነሳሁ። እውነት ነው። ከወንዱ ኋላ፣ ከቁጥቋጦው ጋር ተመሳስለው፣ ሴቶቹና ያንን ዓመት የተወለዱት ቆመዋል። እኔ ቀንዱን ብቻ ነበር የማየው። ጥይቱ ወንዱን አልፎ ቢሄድ ማንን ይመታ እንደነበር አላሰብኩም። ያ ሽማግሌ አስተማሪ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሐል የማን ጆሮ ላይ ሲጮኽ እንደነበር አሁን ገባኝ።

መንጋው እኛን አየ መሰለኝ ነጫጭ መቀመጫዎቹ በአንድ ጊዜ አበሩና ሄዱ። ሩጫ አልለውም። መሬቱ የተሳበ ነው የመሰለኝ። በደቂቃ ውስጥ ከኮረብታው ማዶ ሆኑ።

አፈርኩ። "ይቅርታ" አልኩት። ይህን ቃል ለልጄ ስንት ጊዜ ብዬው እንደማውቅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ብዙ አልመጣልኝም። እኛ ወላጆች "አይዞህ" እና "ተው" እንጂ "ይቅርታ" ከአፋችን ቶሎ አይወጣም። እሱ ትከሻውን ነቀነቀና ውኃ ጠጣ። "ሌላ ይመጣል" አለኝ። እኔን ያጽናናል እንግዲህ።

እስከ ቀትር ምንም አልመጣም። በመሐሉ አንድ ነገር አነበብኩ ብሎ ሞከረ። ፕሮንግሆርን እንግዳ ነገር ሲያይ የማወቅ ጉጉቱ ያሸንፈዋል፤ የድሮ አዳኞች ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ ይጠሩት ነበር። መሐረቤን ወስዶ ቁጥቋጦ ላይ አውለበለበ። ሩቅ ያለ አንድ ወጣት ወንድ ቀና ብሎ አየን። ሁለት እርምጃ መጣ። ልጄን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሄደ። ሳንተያይ በሳቅ ፈነዳን። ከዚያ ዝም ብለን ጎን ለጎን ተኛን። ስልክ አይሠራም። እስኪ እናንተም አስቡት፣ ከልጃችሁ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ቃል ሳትነጋገሩ፣ ሳትኮራረፉም፣ የቆያችሁት መቼ ነው?

ከሰዓት በኋላ ሌላ ወንድ አገኘን። ብቻውን ነው፣ ከኋላው የአፈር ዳገት። በደረታችን እየተሳብን ተጠጋን። መሬት ላይ የተኛች አጭር ቁልቋል አለች፤ እሾኋን ከጉልበቴ ለመንቀል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ልጄ ሲያነጣጥር በዚህኛው አፌን ዘጋሁ። ተኮሰ። እንስሳው ጥቂት ሮጠና ወደቀ።

እልል ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። ሄደን አጠገቡ ቆምን። ተንበረከከና እጁን ጸጉሩ ላይ አደረገ። ጸጉሩ ውስጡ ክፍት ነው፣ ብርድ የሚከላከለው እሱ ነው፤ ሲነኩት እንደ ደረቅ ሣር ይሰበራል። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየ። እኔም ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ከዚያ ሥራ ነው። ስጋው ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት፣ አለዚያ ይበላሻል። የሚችል ሰው በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን እኛ ሁለት ሰዓት ፈጀንበት። ፊቴን ማዞር አልቻልኩም። ቢላውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ የቁጥጥር ጣቢያ ላይ ቆምን። ሠራተኛዋ የታችኛውን ጥርስ አየችና "ሦስት ዓመት ገደማ ነው" አለች። ልጄ ጣቶቹን ቆጠረ።

"እኔ ዘጠኝ ዓመቴ እያለሁ ነው የተወለደው።"

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። ሦስት ከሆነው፣ አለች፣ ያንን ከ2022 ወደ 2023 ያሻገረንን የበረዶ ወራት ግልገል ሆኖ አልፎታል ማለት ነው። በዚያ ወቅት በምዕራብ ዋዮሚንግ በረዶው ከብዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮንግሆርኖች አልቀዋል። ልጄ ምንም አልመለሰም። መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ነው፣ "በዚያን ጊዜ እኔ ስኪ መማር ጀምሬ ነበር" ያለው። ሬዲዮ አልከፈትንም።

ጀምበር ስትጠልቅ መንገድ ዳር መንጋ አየን። አጥሩ ጋ ተሰብስበዋል። ያን ያህል የሚሮጥ እንስሳ አጥር መዝለል አይሆንለትም፤ ከሽቦው ሥር ነው የሚሾልከው። ስለዚህ ነው የታችኛው ሽቦ እሾህ አልባና ከመሬት ከፍ ያለ እንዲሆን የሚመከረው። ይህኛው ዝቅ ያለ ነበር።

"አቁሚ" አለኝ። አቆምኩ። "መብራቱንም።" አጠፋሁት።

"ጠዋት ከኋላው የነበሩት ናቸው?" አልኩት።

"ሊሆኑ ይችላሉ።"

አንድ በአንድ ተንበርክከው ሾለኩ። ልጄ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። የመጨረሻዋ ያንን ዓመት የተወለደች ትመስላለች። ወደ ሽቦው ትመጣለች፣ ትመለሳለች። እንደገና ትመጣለች። ሌሎቹ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። ከኋላችን የመጣ መኪና አለፈን። ሌላም አለፈን። ብርዱ ገባ፣ ያ የሳትኩት ጥያቄ። ልጄ ጃኬቱን እኔ ጭን ላይ ጣለና ዓይኑን ከሽቦው አላነሳም።

"አለፈች" አለ።

መብራቱን አበራሁ። መልካም በዓል።