ፍሪጁ ለስላሳ ሲሞላ

አንድ ማዘጋጃ ቤት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ እንደ ልብ በማይገኝባቸው ሰፈሮች ላሉ ትናንሽ ሱቆች ባለመስታወት ፍሪጅ አደለ። ባለሱቆቹም በፊናቸው አትክልት ሊሸጡ ውል ፈረሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የክትትል ሠራተኞች ሲዞሩ ግን ፍሪጆቹን ለስላሳ መጠጥ ሞልቷቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ከሶኬት ተነቅለዋል።

በስብሰባው ላይ የመጣው ሐሳብ ውል አፍርሰዋልና ፍሪጁ ይነጠቅ የሚል ነበር። አንዲት ባለሙያ ግን መጀመሪያ የግዢ ደረሰኞቻቸው ይታዩ አለች። ትክክል ነበረች።

ደረሰኞቹ እንዳሳዩት ጅምላ ሻጩ ከአንድ ሳጥን በታች አይሸጥም። 15 ኪሎ ቲማቲም የወሰደ ሱቅ ሳይበላሽ የሚሸጠው 6 ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ የ9 ኪሎው ኪሳራ በባለሱቁ ላይ ይወድቃል። የመብራቱም ሒሳብ የእሱ ነው። ለስላሳ መጠጥ ግን ቶሎ አይበላሽም፤ አከፋፋዩም ደጅ ድረስ ያመጣዋል። በዚህ ሒሳብ አትክልት ይምረጥ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጉድለቱ የዕቅዱ ነበር።

ሌላው ችግር አቀማመጡ ነው። ሁሉም ባንድ ላይ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ታጭቆ ነበር። ለጎመን፣ ለሰላጣና ለካሮት ይህ ቅዝቃዜ ይስማማል። ሙዝ ግን ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ቲማቲምም ጣዕሙን ያጣል። በዚያ ላይ ሁለቱም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ አጠገባቸው ያለው ቅጠል ቶሎ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ሙዝና ቲማቲም ከፍሪጅ ውጭ፣ ጥላና አየር ባለው መደርደሪያ ላይ ይሁኑ። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እንዳይጠወልግ ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከማራገቢያው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ማስተካከያው ከግዢው ጀመረ። ማዘጋጃ ቤቱ ለሱቆቹ በጋራ የሚገዛ አንድ አቅራቢ ቀጠረ፤ ሳጥኑ መጋዘን ውስጥ በ3 በ3 ኪሎ እየተከፈለ በሳምንት 3 ቀን ይታደላል። ለመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት የሚጣለው ተመዝኖ ከተመዘገበ የኪሳራውን ግማሽ አስተዳደሩ ይከፍላል። ለምን ግማሹን ብቻ? ሙሉው ከተከፈለ ባለሱቁ ሲያዝም ሆነ ሲይዝ ጥንቃቄ አያደርግም። ከመጣው ከ10 ከመቶ በላይ ከተጣለ ቀጣዩ ትዕዛዝ ይቀነሳል፤ ቀጣዩ ጭነት ሳይደርስ ካለቀ ይጨመራል። ውሉም በዓይን ትክክል ያሉት ሁለት መደርደሪያዎች የአትክልት ብቻ እንዲሆኑ ተደርጎ ተሻሻለ፤ በቀሪው ባለሱቁ የፈለገውን ይሽጥ።

የትዕዛዙን መጠን ከሕዝብ ቁጥር ማስላት ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት 2 ኪሎ መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ግን ዛሬውኑ ያን ያህል አይገዛም፣ ስለዚህ መነሻው የተሸጠው ኪሎ ይሁን። ቅርብ መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ አዲስ ሱፐርማርኬት በተከፈተበት ሰፈር የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ነዋሪዎቹ ምግብ በቅርብ እንደሚያገኙ ቢገነዘቡም የአትክልትና ፍራፍሬ አመጋገባቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላሳየ አመልክቷል። ዋጋውና አሠራሩም አብረው መታየት አለባቸው።

የክትትል ቅጹም ተቀየረ። «የታደለ ፍሪጅ ብዛት» የሚለው ዓምድ ወጥቶ በየሱቁ የተሸጠና የተጣለ ኪሎ፣ እንዲሁም የፍሪጁ የጠዋትና የማታ ሙቀት ይመዘገባል። የመብራቱ ሒሳብ ግን አሁንም በባለሱቁ ላይ ነው፤ ለእሱም በቀጣዩ በጀት መስመር ሊያዝለት ይገባል።