ሳምሶ ላይ ተርባይኑ የማን ነው?

ወደ ሳምሶ ደሴት የሄድኩት የነፋስ ተርባይን፣ ማለትም ነፋስ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ማሽን ለማየት አልነበረም። ዴንማርክ ውስጥ ተርባይን ፈልጎ የሚያጣ ሰው የለም። ያጓጓኝ የሰዎቹ ነገር ነው። የቴክኖሎጂ ፖሊሲ ስማር መምህራችን ሲያነሷት ሲጥሏት የከረሙት ደሴት እሷ ናት።

ከኦርሁስ ከተማ በስተደቡብ ሆው የምትባል ወደብ አለች። መርከቡ ከዚያ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ደሴቷ ላይ የሚኖረው ሰው 4,000 እንኳን አይሞላም። መንገድ ዳር ድንች የተደረደረባቸው ትናንሽ ጠረጴዛዎች አየሁ። ሻጭ የለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ሒሳብህን ጥለህ ትሄዳለህ። ድንቻቸው ስመ ጥር ነው፤ ቀቅዬ በላሁት፣ እውነታቸውን ነው።

በ1997 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) የዴንማርክ መንግሥት ውድድር አወጣ። በ10 ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደ ነፋስና ፀሐይ ባለ በታዳሽ ኃይል መኖር የምትችለው የትኛዋ ደሴት ናት? ሳምሶ አሸነፈች። ሽልማቱ ስሙ ብቻ ነበር፤ ገንዘብ አልነበረውም። ታዲያ ሥራው ሰው ማሳመን ሆነ። ሶረን ሄርማንሰን የሚባል የደሴቷ ተወላጅ፣ የገበሬ ልጅ፣ ከስብሰባ ስብሰባ እየዞረ ዓመታት ፈጀ። በ2000 የብስ ላይ 11 ተርባይኖች ቆሙ። በ2003 ባሕሩ ውስጥ ሌላ 10 ተጨመሩ። የብስ ላይ ካሉት 9ኙ የገበሬዎች ሆኑ። በ2ቱ ላይ ደግሞ ተራው ነዋሪ ሼር ገዛ። ባሕሩ ውስጥ ካሉት ተርባይኖች 5ቱን ማዘጋጃ ቤቱ ወሰደ።

አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸው ዳር አቆሙኝ። ክንፉ ከላያችን ሹው... ሹው... ይላል። «ድምፁ አይረብሽዎትም?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ስልካቸውን አወጡ። ተርባይናቸው በዚያች ደቂቃ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ስክሪኑ ላይ ይታያል። «የሚረብሸኝ ዝም ሲል ነው» አሉና ሳቁ።

ማርተን ቮልሲንክ የሚባለው የኔዘርላንድስ ምሁር ለዓመታት የተከራከረበት ነገር እዚህ ላይ ገባኝ። ሰው ተርባይን ሲቃወም «ከጓሮዬ ራቁ የሚል ራስ ወዳድ ነው» ማለት ይቀናናል። ቮልሲንክ ግን ይህን አይቀበልም። ሰውን የሚያስቆጣው በአብዛኛው ውሳኔው ያለ እሱ ማለቁ ነው፣ ፍትሐዊ አለመሆኑ ነው ይላል። ይህ የመሐንዲስ ስሌት ውስጥ አይገኝም። ነፋሱን የሚለካ መሣሪያ ሞልቷል፤ ቅሬታን የሚለካው ግን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ዴንማርክ በ2008 ተመሳሳይ ሐሳብ ሕግ ውስጥ አስገባች። አዲስ ተርባይን የሚተክል ኩባንያ ቢያንስ 20 ከመቶውን ሼር በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ትርፍ ሳይጨምር በወጪው ዋጋ እንዲያቀርብ ግዴታ ሆነ። ወረቀት ላይ ሸጋ ነው። ግን እኮ ሼር የሚገዛው ገንዘብ ያለው ነው! የሌለው ጎረቤት ድምፁንም ጥላውንም ችሎ ይኖራል። የሳምሶ ገበሬዎች ቢያንስ ባንክ የሚያስይዙት መሬት ነበራቸው።

ይህ ግዴታ በ2020 ተሻረ። በምትኩ ተርባይኑ አጠገብ ያሉ ቤተሰቦች በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ለደሀው ይሻላል፣ አልክድም። ሆኖም ሼር ያለው ሰው ስብሰባ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃል። ክፍያ የሚገባለት ሰው ግን ባንክ ደብተሩን አይቶ ይቀመጣል። ለእኔ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አዛውንቱን ስለዚህ ጉዳይ ሳወራቸው ብዙም አልገረማቸውም። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። በ2000 እና በ2003 የተተከሉት ተርባይኖች አርጅተዋል። ዛሬ የሚመረቱት ደግሞ ቁመታቸው ከእነዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ ከሩቅ መንደር ሳይቀር ይታያሉ። አሮጌዎቹን ማን ይተካል? የት ይተከላሉ? ማንስ ይገዛቸዋል? ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ሊጀመር ነው።